የተገለበጠው ፍራክ

ባለቤቴ ዶክተር ሊሆን አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ዶክተር ስል መርፌ የሚወጋውን አይደለም፤ የአፈሩን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ አፈር ሲነፋ፣ ሲያደርቅና ሲመዝን ኖሮ መጽሐፉን ጨርሷል፤ መጽሐፉ ታትሟል፤ አዳራሹ ተይዟል፤ ሊሞግቱት የተመረጡት ሽማግሌ ፕሮፌሰርም ከሌላ ከተማ በባቡር ሊመጡ ቀን ቆርጠዋል። የጎደለው ልብስ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን፣ በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ ዓመታት፣ ስቶክሆልም ውስጥ ጽሑፉን በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚከላከል ሰው ፍራክ መልበስ ነበረበት፤ ከፊት ወገብ ላይ የሚቆም፣ ከኋላ እስከ ጉልበት ሁለት ጅራት የሚወርድ ጥቁር ኮት። ያለ ፍራክ መቅረብ በፒጃማ እንደ መቅረብ ነው።

የሚያከራዩ ቤቶች አልጠፉም። የጠፋው እሱን የመሰለ ሰው ነው። እግዚአብሔር ቁመቱን እንደ ስዊድኖቹ፣ ትከሻውን እንደ ሁዳዴ ጾመኛ አድርጎ ፈጥሮታል። እጅጌው የደረሰለት ኮት ትከሻው ላይ ሌላ ሰው ያስጨምራል፤ ትከሻው የተስማማው ደግሞ እጅጌው ከክርኑ ብዙም አያልፍም። ከከተማው ሁሉ ልኩ የሆነ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እሱም ባለቤቴ ለሚቆምበት ለዚያው ቅዳሜ ለሙሽራ ተይዟል። ሙሽራውን ሳላውቀው ረገምኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቀኑ እንዲተላለፍ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን ሌላ ቀን የሚገኘው በመጸው ነው፤ የባለቤቴ ስኮላርሺፕ ደግሞ ከዚያ በፊት፣ በእነሱ በጋ ያልቃል። ያ ማለት ሻንጣችንን ሸክፈን፣ ስድስቱን ዓመት በካርቶን አሽገን፣ ያለ ማዕረግ አገራችን መግባት ነው። ባለቤቴ ይህን እያሰበ እህል አልዋጥለት አለ። እኔ ደግሞ ሲጨንቀኝ እቆጣለሁ እንጂ አልጾምም።

እሁድ ጠዋት «ተነሡ፣ ሎፒስ እንሄዳለን» አልኩ። ሎፒስ ስዊድኖች ያረጀውን፣ የተረፈውንና የወረሱትን ሁሉ አውጥተው የሚሸጡበት ገበያ ነው። ስሙ ከቁንጫ የመጣ መሆኑን ባለቤቴ ያውቃልና ፊቱን አጨማደደ።

«እኔ ቁንጫ ፍለጋ ስዊድን ድረስ አልመጣሁም» አለ።

«አንተማ ምናለሽ ተራን ሳትረግጥ ያደግህ የጌታ ልጅ ነህ። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ጫማህን አድርግ።»

አባቴ አራዳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ በእግር መኪና ሲሰፋ፣ እኔ ከእግሩ ሥር ተቀምጬ የአሮጌ ልብስ ስፌት ስተረትር ነው ያደግሁት። ከፊደል በፊት የጨርቅ ፊትና ጀርባ ለይቻለሁ። ስቶክሆልም ከገባሁ ወዲህ ግን ይህን ያወቀልኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ በሚያልቅበት ወርደን አውቶቡስ ያዝን። ዛሬ ሰው የሞላባቸው የከተማው ዳር ሰፈሮች ቴንስታም ፊቲያም ያኔ ጭቃና ክሬን ነበሩ፤ በመንገዳችንም ግራና ቀኝ ገና ጣራ ያልለበሱ ፎቆች ቆመዋል። የሰባት ዓመቷ ልጃችን በመስኮቱ ፎቅ ስትቆጥር ሄደች። የዳግም ትንሣኤ እሁድ ስለነበረ እንደደረስን በኮርቭ፣ በዚያ በዳቦ ውስጥ በሚገባው ቋሊማ፣ ጾማችንን የፈታን ያህል በላን። ባለቤቴ እንኳ ሁለት በላ። ያን ሳይ ነገሩ እንደሚቃና ገመትኩ።

ገበያው ትልቅ ሜዳና ከሜዳው ጫፍ ያለ የድሮ ፋብሪካ አዳራሽ ነው። የበረዶ መንሸራተቻ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ አንገታቸው የተሰበረ አሻንጉሊቶች፣ የሟች አያቶች ፎቶግራፍ ከነፍሬሙ፣ ምን የሌለ ነገር አለ! ሕዝቡ እንደ ጥምቀት ነው። ድምፅ ግን የለም። ሻጮቹ ፔርሙሳቸውን አጠገባቸው አድርገው ሹራብ ይሠራሉ። የሚጠራሽ የለ፣ የሚምልልሽ የለ፣ «ለአንቺ ብዬ ነው» የሚልሽ የለ። እንዲህ ያለ ዝምተኛ ገበያ ውስጥ ስገባ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ መስሎኝ ነጠላዬን ልፈልግ ዳዳኝ።

ገና ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ቤተሰቡ ተበተነ። ባለቤቴ የድሮ የነሐስ ሚዛን አየና እግሩ እዚያው ተተከለ። ልጄ ደግሞ አንድ እግር ብቻ የሆነ የመንሸራተቻ ጫማ አቅፋ «ሌላውን እግር ሌላ ቀን እናገኘዋለን» ብላ በስዊድንኛ ትከራከረኝ ጀመር። እኔ በአማርኛ እናገራታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፤ ጠባችንም እንደዚያው በሁለት ቋንቋ ነው። ጫማውን አስጥዬ እጇን ይዤ፣ ሚዛን ተመልካቹን በክርኔ ገፍቼ ወደ አዳራሹ አስገባኋቸው።

ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ግድግዳው ላይ ከተመታ ምስማር ላይ፣ ፍራኩ ተሰቅሏል። ከሥሩ አንዲት ባልቴት ግራጫ ኮፍያ አድርገው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ገና ከሩቅ አይቶት «አልቋል» አለ። እውነቱን ነው፤ ትከሻው ወይቦ ወደ አረንጓዴ ሄዷል፤ በግራ በኩል ከአንገቱ በታች ተፈግፍጎ እንደ መስታወት ያበራል። እኔ ግን መልስ አልሰጠሁትም። ጅራቱን አነሣሁ፤ ከገበሩ ጠርዝ የላላ ስፌት ፈልጌ በጥፍሬ ከፈት አደረግሁና ውስጡን አየሁ። ጥቁር ነው! ፀሐይ አይቶት የማያውቅ፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል ጥቁር ሱፍ።

በአባቴ ዘመን ኮት ሲያረጅ አይጣልም ነበር፤ ይገለበጣል። ስፌቱ አንድ በአንድ ተተርትሮ፣ ጨርቁ የውስጡ ወደ ውጭ ዞሮ እንደገና ይሰፋል። ስንቱ የመንግሥት ጸሐፊ በአባቴ እጅ አዲስ ሰው ሆኗል! የሚታወቅበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግራ የነበረው የደረት ኪስ ወደ ቀኝ ይዞራል።

የባለቤቴን ክንድ ያዝኩና እጅጌውን በስንዝር ለካሁት። ልክ ነው። ትከሻውን ለካሁት፤ ትንሽ ይሰፋል፣ ስገለብጠው እቀንሰዋለሁ። ልቤ እልል እያለ ፊቴን አጨለምኩ፤ ገዢ አይስቅም። ከዚያም ለወግ ያህል፣ በዚያ በተሰባበረ ስዊድንኛዬ፣ «የማን ነበር?» ብዬ ባልቴቷን ጠየቅኋቸው።

«የባለቤቴ» አሉኝ። «በኅዳር ሞተ።»

እጄ ኮቱን ለቀቀ። ኮቱን ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት።

«ምን ሆንሽ?» አለ ባለቤቴ።

«የሟች ነው።»

«ታዲያ ሟቹ መልሺልኝ ሊልሽ ይመጣል? ልኬ መሆኑን ለክተሽ የለ?»

«በእኛ ቤት የሟች ልብስ ለነዳይ ይሰጣል፤ የተቀበለውም ነፍስ ይማር ይላል። አይሸጥም፣ አይገዛም። በተገዛ የሟች ልብስ ለማዕረግ አትቆምም።»

«ከእኔ የባሰ ነዳይ ከየት ይመጣልሻል?» አለና ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ። ከዚያ ግን ቀልዱ አለቀበት። «አሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረኝ» አለ ቀስ ብሎ። እሱ ሲጮህ አልፈራውም፤ ቀስ ሲል ግን አንጀቴን ይበላዋል። እሱም ተናዶ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

እኔ እዚያው ቆሜ ከራሴ ጋር ስጣላ አንድ ቀይ ጢም ያለው ጎረምሳ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ፍራኩን ከምስማሩ አወረደ፤ ባልቴቷን ሳይጠይቅ ሹራቡ ላይ ደረበው፤ እጁን እያወናጨፈ እንደ ኦርኬስትራ መሪ ይሆን ጀመር። ጅራቱን ይዞ ተሽከረከረ። ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ባልቴቷ ዓይናቸውን ወደ ጫማቸው አወረዱ።

ያን ሳይ ደሜ ፈላ። ልብሱን አልገዛም ያልኩት እኔ፣ ልብሱ ሲቀለድበት ማየት አልቻልኩም። የሰውየው አፈር ገና አልደረቀም፣ ሚስቱ ፊት!

«አውልቅ!» አልኩት።

በአማርኛ ነው የጮህኩት። በዚያ ዝምተኛ አዳራሽ ውስጥ ድምፄ ጣራውን ነክቶ ተመለሰ። ጎረምሳው ተርጓሚ አላስፈለገውም፤ አወለቀ። በሁለት እጁ ይዞ አቀበለኝ፤ ጓደኞቹም ሳቃቸውን ውጠው ከኋላው ተከተሉት። ሹራብ የሚሠሩት ሁሉ መርፌያቸውን አቁመው ያዩኛል። ባለቤቴ ከሩቅ፣ ይህችን ሴት አላውቃትም በሚል ሰው አኳኋን፣ ሚዛኑ ላይ አጎነበሰ። ልጄ ቀሚሴን ጎተተች፤ «ማማ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይዩ» አልኳት።

ኮቱን በእጄ መዳፍ አራገፍኩት፤ ጅራቱን አስተካክዬ በጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ በኋላ መቆም ነውር መስሎ ታየኝ። የመጻሕፍት ካርቶን ሳብ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ በቋንቋዬ። ለቅሶ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ልጄም ይህን ወግ መርዶ ሲደርሰን እቤታችን አይታዋለች፤ እጆቿን አጣጥፋ ከጎኔ ቁጭ አለች። ሰው እያለፈ ያየናል። ለቅሶ በሎፒስ የደረስን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ትንሽ ቆይቼ «እንዴት ሞቱ?» አልኳቸው። በእኛ አገር ይህን አለመጠየቅ ጥላቻ ነው፤ በእነሱ አገር መጠየቁ ድፍረት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ባልቴቷ ግን ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የከረሙ መሰሉ። ተናገሩ። ባላቸው በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቫዮሊን ተጫውቷል፤ ግራ ትከሻው የተፈገፈገው ከቫዮሊኑ ነው። ሳል ጀመረው፤ የበረዶውን ወራት አልተሻገረም። ይህን ኮት ይዘው ሲመጡ ሦስተኛ እሁዳቸው ነው። ለጭምብል ጭፈራ የፈለገው ነበር፣ ለወፍ ማስፈራሪያ የጠየቃቸው ገበሬም ነበር፤ አልሰጡም።

«ታዲያ ለማን ሊሸጡት ነው?» አልኳቸው።

«ቆሞ ለሚለብሰው ሰው» አሉ።

«ለሚያከብረው ሰው ማለትዎ ነው?»

አዎ ለማለት ቃል አላወጡም፤ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉት። እኛ ሰው ሲያወራን «አዎ» እንደምንለው፣ ልክ እንደዚያ! ከሰሜን፣ ከበረዶው አገር የመጡ ስዊድኖች እንዲህ ያደርጋሉ ሲባል እሰማ ነበር፤ በጆሮዬ ስሰማው ግን ሳቄ መጣ። እኚህስ የእኛ አገር ሰው ናቸው አልኩ በልቤ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስዊድንኛዬ ራሱ የተፍታታ መሰለኝ።

ነገሩን የጨረሰችው ግን ልጄ ናት። ልጅ ምስጢር አይዝም። በዚያ በሚንቆረቆር ስዊድንኛዋ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ አባቷ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ዶክተር እንደሚሆን፣ ፍራክ እንደሌለው፣ ፍራክ ከሌለው ወደ ቤት መሄድ እንዳለብን፣ እናቷ ኮቱን አዲስ ማድረግ እንደምትችል፣ ነገር ግን የሞተ ሰው ልብስ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም ብላ እምቢ እንዳለች፣ አባቷም ነዳይ መሆኑን እንደተናገረ። ነዳይ የሚለውን «በጣም ድሃ» ብላ ተረጎመችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ባልቴቷ እኔን አዩኝ። ሚዛኑ ላይ የተደፋውን ረጅም ሰው አዩት። ከዚያም ኮቱን ቀስ ብለው አጣጥፈው ከጉልበታቸው አንሥተው ጉልበቴ ላይ አኖሩት።

«እንግዲያው አይሸጥም» አሉ።

ባለቤቴን ጠራሁት። ነገሩ ሲገባው እጁን ወደ ቦርሳው ሰደደ፤ በጨዋ ደንብ ካልከፈልኩ ሊል ነው። እግሩን ረገጥኩት። «ነዳይ ነኝ ብለህ የለ? ዝም ብለህ ተቀበል!» አልኩት በአማርኛ። ከአፈር በቀር በምንም አላምንም የሚለው ሰውዬ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ኮቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ለባልቴቷ እጅ ነሣና «ነፍስ ይማር» አለ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

«ለብሶት ሲቆም መጥተው ማየት አለብዎት» ብዬ ቀኑንና አዳራሹን በወረቀት ጻፍኩላቸው።

ስንመለስ ፍራኩን ለማንም አላስነካሁም። ቱነልባናው ውስጥ ደስታዬን መያዝ አቃተኝና ሦስት ጊዜ እልል አልኩ። ፉርጎው በሙሉ ጋዜጣውን ወደ ላይ አነሣ። ልጄ አፍራ ከመቀመጫው ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት፤ ባለቤቴ ግን ከስንት ሳምንት በኋላ ጥርሱን አሳየ።

ሥራው ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ከሰኞ ጀምሮ ልጄን ትምህርት ቤት እያደረስኩ፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ መስኮት ሥር ስቤ ተረተርኩ፣ አተኮስኩ፣ ገለበጥኩ፣ ከጎረቤት በተዋስኩት መኪና ሰፋሁ። የአንገቱን ሐር ፈትቼ በአዲሱ ፊት ላይ በእጄ መለስኩት። ትከሻውን ቀነስኩ። አባቴ ቢያይ አንድ ስፌት ብቻ ያስፈታኝ ነበር፤ እሷንም አውቃታለሁ። ባለቤቴ ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም የሌላ አገር አምባሳደር መሰለ። ወዲያው ግን ዓይኑ ኪሱ ላይ አረፈ።

«በቀኝ ነው። ያውቁብኛል።»

«ኪስ የሚያይ የአራዳ ጸሐፊ ነው። ፕሮፌሰር ኪስ አያይም» አልኩት። እኔም በሆዴ ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀን። ከፊት ፕሮፌሰሮቹ፣ ሁሉም በፍራክ፤ ከኋላ ተማሪዎችና ባልደረቦቹ፤ ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ አምስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከረባታቸውን አንቀው ተቀምጠዋል። ባልቴቷ መጡ። ግራጫ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገው በእኔና በልጄ መካከል ተቀመጡ።

ባለቤቴ ተጠራ፤ ተነሥቶ ከመናገሪያው ጠረጴዛ ጀርባ ቆመ። ወረቀቱን ዘረጋ። አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። ቀኝ እጁን ወደ ደረቱ አመጣና ኪሱን ሸፈነ። አንድ ሰው ሳለ። ስድስቱ ዓመት ዓይኔ እያየ ሊፈስ ነው፣ እኔ ደግሞ መርፌና ክር እንጂ ለዚህ የሚሆን ነገር በእጄ የለም።

በዚህ መሐል ባልቴቷ ተነሥተው ቆሙ።

ለምን እንደቆሙ አላወቅሁም። ግን ታላቅ ቆሞ ታናሽ አይቀመጥም፤ እግሬ ሳያማክረኝ አነሣኝ። እኔ ስነሣ ልጄ ተነሣች። ከኋላ አምስቱ ተማሪዎች አንዲት አሮጊት እናት ቆመው ሲያዩ ነገሩን አልጠየቁም፤ እንደ አደጉበት ኮታቸውን እየቆለፉ አንድ በአንድ ብድግ አሉ። ስዊድኖቹ እርስ በርስ ተያዩ። ስዊድን የሚፈራው ነገር ቢኖር ደንብ ሳያውቅ መቅረት ነው። ከፊታችን ያለው አግዳሚ ተንቋቋና ሦስት ሰዎች ተነሡ፤ ከዚያ ረድፉ በሙሉ፤ ከዚያ የሚቀጥለው። ፕሮፌሰሮቹ ዘወር ብለው ሕዝቡን አዩ፤ እነሱም ተነሡ። በመጨረሻ ሊሞግቱት የመጡት ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ጠረጴዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። አዳራሹ በሙሉ ለባለቤቴ ቆመ።

እሱ እያንዳንዳችንን ያየን መሰለኝ። እጁ ከደረቱ ላይ ወረደ። ኪሱ በቀኝ በኩል፣ በዚያ ሁሉ ሊቅ ፊት፣ ሳይሸፈን ታየ።

ባልቴቷ አንገታቸውን አስግገው ዙሪያውን ካዩ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ከኋላ ጅራቱ እንዴት እንደወረደ ለማየት ነበር የተነሣሁት» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው የተነሣው?»

እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ፤ ባለቤቴ ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መናገር ጀምሮ ነበር።